አራተኛው እርከን

በቺሎኤ ደሴት ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ዘው ይላል፣ ይቀመጣል፣ «ልሂድ» ብሎ አያውቅም።
ስድስት እርከኖች አሉኝ፣ ከጭቃው እስከ በሩ፤
አባቴ በመጥረቢያ የጠረባቸው ነበሩ።
እኔ ነጭ ሸበትኩኝ፣ እነሱ አረንጓዴ።
ኦርፌሊና ልብስ ልታወርድ ከገመድ ወጥታ አንዴ
ሦስተኛው አዳለጣት፤ የእጇ አንጓ ተሰብሮ
ቅርጫቷ ብቻውን ወረደ እስከ ጓሮ።

«እንግዲህ» አልኩ ለራሴ፣ «ይህ ነገር ይበቃል፤
ሴራሚክ ላንጥፍበት፤ ማን ከእኔ ይልቃል?
አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር ፈትቼ ገጥሜ
በስድስት ሳንቃ ልረታ? ኧረ ተወኝ ወንድሜ!»

ካስትሮ ሄጄ ገዛሁ ሦስት ሙሉ ካርቶን፣
የበሰለ ዱባ መልክ፣ የሚመስል ሸክላን።
ሻጩ ልጅ «ለቤት ውስጥ ነው? ለወለል ነው?» ቢለኝ
«አዎ» አልኩት። ውሸት ነው፤ ምክሩ እንዳያቆየኝ።

ሙጫውን በጠበጥኩት፣ ቀጠነ እንደ አጥሚት፤
ዱቄት ጨመርኩ፣ ጠጠረ፣ ማንኪያዬ ቀረበት።
ያላዋቂ ሳሚ እንዲሉ እስከ ጢሜ ለቀለቅሁ፤
ውሃ ልኩ ጠፋ ብዬ ሰፈር ሙሉ አስፈለግሁ፣
ከገዛ ጉልበቴ ሥር ተኝቶ አገኘሁ።
መቁረጫ የለኝምና ጥጉን በመዶሻ መታሁ፤
ሰባቱ ደቀቁብኝ።
ስምንተኛው ታዘዘኝ፤ እሱን ሳምኩት፣ አልዋሽም።

ዶን ኤላዲዮ፣ አናጢው፣ አጥሬን ተደግፎ
ማቴውን እየመጠጠ፣ ባርኔጣው ተደፍቶ፣
«ቤላርሚኖ» አለኝ፣ «እንጨት ይተነፍሳል፤
ሲዘንብበት ያብጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይከሳል።
ሸክላ ግን ግትር ነው፤ አያብጥም፣ አይከሳም፤
ሁለቱን ስታጋባ መሃል ሽማግሌ የለም?
አንተ ሞተር ታውቃለህ።
ጋስኬት የሌለው ሞተር የት አይተህ ታውቃለህ?»

ሰማሁት። መስማት ሌላ ነው።
ከምሳ በፊት ጨረስኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣
ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ሄጄ አየሁት፤
ከሩቅ ያምር ነበር።

በሰኔ ዶፉ መጣ። ሌሊት ተኝቼ ስሰማ
ቀጭ፣ ደግሞ ቀጭ ይላል፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ በጨለማ።
በስንጥቁ ውሃ ገባ፣ እንጨቱ ጠጥቶ ሰከረ፤
ሰካራም ደግሞ የት ያርፋል? የለበሰውን ወረወረ።
ኦርፌሊና ምንም አላለችም።
ቡና ቀዳችልኝና ስኳሩን ረሳችው፤
እሷ ስኳር ረስታ አታውቅም።

ክረምቱ ሲያልፍ ሁሉንም በመሮ ነቀልኩት፤
ሁለት ሳንቃ በስብሷል፣ በጣቴ ወጋሁት።
አዲስ ሳንቃ፣ በላዩ የሲሚንቶ ሰሌዳ፣
በየመዳፍ ርቀቱ ብሎን፣ አጥብቄ ላልከዳ፤
በዚያ ላይ ጎማ ሸራ፣ ከዚያ ነው ሴራሚኩ።
እያንዳንዱን እርከን ትንሽ ወደ ፊት አዘነበልኩ፣
ዝናቡ ሰላምታ ሰጥቶ ቁልቁል እንዲሄድልኝ።
ኤላዲዮ ቆሞ አየ። «እህ» አለ። እሱ ሲያመሰግን እንዲህ ነው።

አምስቱ ያዙ። አራተኛው ላይ አንዷ ጥግ ለቀቀች፤
እግር ባረፈ ቁጥር «ቋ» ትላለች፣ ሰው ሰደበች።
መዶሻና መሮ ይዤ ጎንበስ ስል በማለዳ
«ተዋት» የሚል ድምፅ ሰማሁ ከበሩ በኩል ከጓዳ።

«ዓይኔ ጉም ነው፤ ሲመሽ ደረጃው ይጠፋኛል፤
ይህች ስትጮህ ግን፣ ሁለት እንደቀረኝ ይገባኛል።»

ስንት ጊዜ ነው የመሸው?
ስንት ጊዜ በጭፍን እግሯን ዘርግታ ፈልጋ ይሆን?
እኔ ሸክላ ስመርጥ፣ ቀለም ስመርጥ፣
አንድም ቀን አልጠየቅኋት።

ኤላዲዮ ሲያልፍ ዛሬም «ያቺ ለቃለች» ይላል።
«አውቃለሁ» እለዋለሁ።
«ሰው ትጥላለች።»
«አትጥልም፤ ጠርዟን ሞርጄዋለሁ።»
ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ማታ ዝናብ ነው፣ እንደ ሁሌው።
ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጌ እጠብቃለሁ፦
ቋ።
ተነስቼ መብራቱን አበራለሁ።