ሚዛኑ ላይ

ጋሽ ልዑልሰገድ ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤
ሻንጣዎን ልመዝነው፣ እዚህ ላይ ያኑሩልኝ።
ሃያ ሰባት ኪሎ! ይህን የሚሸከም
ድንኳን እንጂ በቅሎ እኔ አላከራይም።

አውቃለሁ፣ በእኛ አፍ ክብደት ነው ማዕረግ፤
ቀለለ የተባለ አይጠራም ለሰርግ።
ካንሞር ላይ ግን፣ ጋሼ፣ ዳገቱ ደንቆሮ፣
የማን ልጅ ነኝ ቢሉት አይሰጥዎትም ጆሮ።

እንፍታው እንግዲህ። የሚታጠፍ ወንበር፣
ሻምፑ ከነጠርሙሱ፣ ይህ ሁሉ ምን ነበር?
ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው አይደል፣
ለአራት ሌሊት አዳር አራት ፎጣ መጠቅለል!
ማበጠሪያው? ይሂድ፤ አሥር ግራም አይሞላም።
የብረት መጥበሻው ግን እኔ ዘንድ ይቆያል፣ አይከፋም።

ጥጥ ወዳጅ ነው፣ ጋሼ፣ ፀሐይ እስካለ ድረስ፤
ዝናብ የነካው ለት ሰው ላይ ነው የሚያለቅስ።
ሱፍ ይልበሱ ከሥር፣ ቢርስ እንኳ ይሞቃል፤
ለመኝታ ብቻ አንድ ደረቅ ካልሲ ይደበቃል።
ያን ካልሲ ቀን ላይ እግር ቢለምንም
ድንኳን ሳይተከል አይሰጡትም፤ ምንም!

ጫማው አዲስ ነው አይደል? ከእግር ሳይተዋወቅ
ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ፍቺ ነው የሚጠየቅ።
ተረከዝ ሲግል ነው ፕላስተር የሚለጠፍ፤
«ትንሽ ልታገሥ» ያለ እያነከሰ ነው የሚያልፍ።

ከባድ ከባዱ ዕቃ ለጀርባ ይጠጋ፣
የዝናቡ ልብስ ከላይ፣ ለእጅ የተጠጋጋ።
ቀበቶውን ያጥብቁ፤ ሸክም የወገብ ነው፣
ትከሻ ዝም ብሎ ምስክር የሚቆመው።

ብርድ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል፤ ውሸት ነው።
ከመሬት ነው የሚወጣ። ፍራሿን ቀጭን ናት ብለው እንዳይንቋት፤
ከብርድ ልብሱ ይልቅ የምታሳድርዎ እሷ ናት።
ክብሪት በሁለት ቦታ ይያዙ። እኔ በአንድ ይዤ፣
በሐምሌ፣ በረዶ ሲጥል፣ ጥሬ ፓስታ አኝኬ አድሬአለሁ።

ስለ ድቡ ልንገርዎ። ምግቡ በሣጥኑ ይቆለፍ፣
ከድንኳኑ መቶ እርምጃ ይራቅ፤
የጥርስ ሳሙናውም አብሮ። ለድብ እሱም ምሳ ነው።
መርጪያው ወገብዎ ላይ ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤
ድብ «ቆይ ላውጣ» ቢሉት የሚሰማ አይምሰልዎ።
ብቻዎን ነዎት? እንግዲያው ጥምዝምዙ ጋ ሲደርሱ
ያጨብጭቡ፣ ያውሩ፣ ቢሻዎ ዳዊት ይድገሙ፤
ድንገት መገናኘትን እሱም አይወድም።

አሁን ያንሡት። አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል።
አዩ? ቀለሉ። ማንም አልሰደበዎት።

*

በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ልዘጋ ስል
መጡ። ጢማቸው አድጎ፣ ጫማቸው ጭቃ፣
ፀጉራቸው ግን ተበጥሮ።
ሳልጠይቃቸው ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ አኖሩት።
ምግቡ አልቋል፣ ጋዙ አልቋል፤
ዘጠኝ ሊል ሲገባው
አሥራ ስድስት አለ።

ፈታሁት። የተጨማደደ የቢራ ቆርቆሮ፣
የተቀደደ ሸራ፣ ግማሹ የቀለጠ ሳህን፣
ዝገት የበላው የድንኳን ካስማ፣
የሕፃን ጫማ፣ አንድ እግር።
«የማን ነው?» አልኳቸው።
«እንጃ። ሰው እንኳ አላየሁም» አሉ፤
«ብቻ ሐይቁ ዳር ማደሩ አላማረበትም።»

ሚዛኑን ደግሜ አየሁት።
ቀለሉ ልበል እንግዲህ፣ ወይስ ከበዱ?
በርሜሉ የት እንደሆነ ጠይቀውኝ ሄዱ።

መጥበሻውን በማግሥቱ ወሰዱት።
ወንበሩ ግን፣ የሚታጠፈው፣
እስካሁን እኔ ጋ ነው።