በጥብርያዶስ ዳር ያደረ ቤት

ሐይፋ ያከራየን ልጅ ቁልፉን ሲሰጠን፣
እየሳቀ ነበር እንዲህ የመከረን፦
«ቤት ነው፤ ግን ጎማ አለው። አጥር የለው፣ ውሻ፤
ቆልፉ፣ ስትወርዱም፣ ስትተኙም፣ እስከ መጨረሻ።»

ባሌ ታረቀኝ ምክሩን እንደ ስለት ያዘ፤
ሲነዳም ሲያቆምም፣ ቁልፍ ቁልፍ ሲል ፈዘዘ።
ፓስፖርታችንን ሩዝ ውስጥ ቀብሮታል በፌስታል፣
ሸቀሉን በካልሲ፣ ካልሲውን ድስት ውስጥ ከቷል።
የጆሮ ወርቄን ደግሞ፣ «አንቺም ባታውቂው» ብሎ፣
ሸሸገው አንድ ቦታ፣ ከእኔም ከሌባም ከልሎ።
መሪው ላይ ሰንሰለት፣ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ፤
አንዲት ድመት እንኳ በጎማው ሥር ስታልፍ፣
ብድግ ይላል ባሌ፣ መጥበሻ ጨብጦ፣
«ማነው?» ይላል፣ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ተቆርጦ።

ቂሳርያ ደርሰን፣ እኔ ግንቡን ላይ፣
እሱ ከማቆሚያው፣ ከጠራራው ፀሐይ፣
«ሂጂና ተመልሰሽ ንገሪኝ» አለኝ፤
የሁለት ሺህ ዓመት ድንጋይ ብቻዬን አየሁኝ።

አኮ ላይም እንዲሁ። ዓሣ ልንበላ ገብተን፣
ወንበር ያስቀይራል መኪናው እስኪታየን።
ዓሣው መጣ፣ በረደ፤ ዐይኑ ከመስኮቱ፤
እሾኽ ሊያንቀው ነበር ሳያየው በፊቱ።

ጥብርያዶስ ስንደርስ መሸ። ሙቀት ነበር።
ዘንባባ ሥር ቆምን፣ ከውሃው ዳርቻ፣ ከአጥር።
ባትሪውን እያወዛወዘ መጣ አንድ ዘበኛ፤
ወሬያችንን ሰምቶ፣ «እንዴት አመሻችሁ?» አለን፣ በአማርኛ።
አቶ አስረስ ይባላል፤ ከጎንደር፣ ከወገራ፣
ወደ አርባ ዓመት ሆነው እዚህ አገር ሲሠራ።

«ሌባ የለም አልልም» አለ፤ «ባለፈው ክረምት፣
ሁለት ፈረንጆች ለዋና ወረዱ በጠዋት፤
ቦርሳቸው ወንበር ላይ፣ እንደ ድፎ ገዝፎ፣
መስኮቱን ሰባብሮ ወሰደው አንዱ አልፎ።
የሚታይ አትተው። መብራት ባለበት ቁም፤
ብቻህን ጨለማ ውስጥ፣ ውብ ቢሆንም፣ አትክረም።
ጎረቤትህን ሰላም በል፣ ፈረንጅም ቢሆን፤
ስምህን ያወቀ ሰው ያይልሃል በሩን።
ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን፣ እሱ ለእንቅልፍ ነው የሰጠው፤
ቁጭ ብለህ ያነጋኸውን፣ ሌባ ነው የወሰደው።»

ያን ሌሊት ባሌ ተኛ። ገረመኝ። እኔም ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ ግን በጩኸት ደንግጬ ተነሣሁ፦
«ቁልፉ! ቁልፉ የለም!» ሩዙን ዘረገፈ፤
ካልሲውን ገለበጠ፣ ድስቱን አራገፈ።
«ገብተዋል! አልቀናል! ሰረቀ! ሰረቀ!»
ዳክዬው ከባሕሩ በርግጎ ራቀ።

መቀርቀሪያ ስቤ በሩን ብከፍተው፣
ማንን ላይ? አቶ አስረስን፣ ወንበር ላይ ቁጭ ያለው፤
ከራሱ በላይም፣ በውጭ በኩል ተሰክቷል፣
ቁልፉ፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ተንጠልጥሎ አድሯል።

«ልነቅለው አሰብኩ፣ ነካህ እንዳትለኝ፤
ላንኳኳ አሰብኩ፣ እንቅልፍህ አሳዘነኝ።
ስታንኮራፋ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ በውነቱ፤
እኔም ሥራ አገኘሁ፣ ሄደልኝ ሌሊቱ።»

ታረቀኝ አቀረቀረ። ሽማግሌው ሳቀ።
«ምን ነበር ያልከው ልጄ? ሰረቀ? ሠረቀ?
አባቴ ቄስ ነበር፤ ግዕዙ አለ በጆሮዬ፣
ትንሽ ትንሽ ቀርቷል፣ ባይሞላም ለወሬዬ።
እውነትህን ነው፤ ሠረቀ! ማዶውን ተመልከት፤
በእሳቱ ሰ ስርቆት ነው፣ በንጉሡ ሠ ንጋት።»

ቀና ብለን አየን፤ ከጎላን ራስ ላይ፣
ቀስ እያለች ወጣች፣ ቀይ፣ ቁልፍ የሌላት ፀሐይ፤
ባሕሩን ከዳር ዳር ብርሃን ስታለብሰው፣
ታረቀኝ መጥበሻውን እንደጨበጠ ነው።

የጆሮ ወርቄ ግን እስከ ዛሬም አልተገኘ።
የጥርስ ሳሙናው ካርቶን ባዶ መስሎኝ፣ ያን ቀን፣
ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፣ ከዚያ ስንለቅ ቸኩለን።
ታረቀኝ ይፈልጋል፣ ሌባውን ይረግማል፤
እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታም ይቆልፋል።