ርጥበት ሰባ አምስት

ከደሴ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ማታ፣
የሚኒባሱ መብራት ከጉም ተላተመ፣ ተማታ።
መንገዱን አያሳይ፤ ራሱን ነው የሚያሳይ፣
እንደ ተዳመጠ ጥጥ ተቆልሎ ፊት ላይ።
«ረጅሙን አጥፋው!» አለ ከኋላ ሰው፣
«ባበራኸው ቁጥር የሚበዛው ጉሙ ነው።»
ሾፌሩም ታዘዘ። በአጭር መብራት
ኩርባ በኩርባ ተንፏቀቅን፣ ሙሉ አንድ ሰዓት፤
እኔም አረፈድኩኝ።
(ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤
የሌሊት ፈረቃ ነው ቀን የሚያስተኛኝ።)

ሽመናው ክፍል ውስጥ አየሩ ወዛም ነው፤
እኛው ነን ከጣራ ሥር፣ በቧንቧ፣ ጉም የምንነፋው።
ጥጥ ሲደርቅ ይበጠሳል። ሉባባ ስትናገር
«ክር እንደ ከንፈር ነው፣
ውሃ ካላገኘ ይሰነጠቃል ዳር ዳር።»
ሃያ ሁለት ዓመት በጣቷ ሰምታዋለች።
ግድግዳው ላይ ያለች አንዲት የርጥበት መርፌ
ሰባ አምስት ላይ ቆማለች።

ነሐሴ ሲገባ
አስራ አራተኛው ማሽን መዋሸት ጀመረ።
ቀጥ!
ቀይ መብራት፦ ክር ተበጥሷል።
ሉባባ ትሮጣለች፤ ሁለት ሺህ ክር በመዳፏ ትዳብሳለች፤
«ወላሂ፣ አንድም አልጎደለ!»
አስነሳሁት። ሩብ ሰዓት።
ቀጥ!
«እንዲህ ያለ ቀጣፊ!» አለች፣ ብረቱን በጫማዋ መታ አድርጋ።

ማሽኑ ሆድ ውስጥ ግን ሌላ ክር አለ፤
ጥጥ ያልሆነ፣ ፕላስቲክ፣ እንደ ውሃ የጠራ።
ባንድ ጫፉ ቀይ ብርሃን ይቀበላል፣
በሌላው ጫፍ ዓይን አለች፣ የደረሰውን የምትቆጥር፣
ሲያንሳት «ተበጠሰ» ብላ የምትጮህ።
መብራቱን ቀየርኩ። ዓይኗን ቀየርኩ።
ጫፉን በስስ ጨርቅ ወለወልኩ።
ከመቶ ሠላሳ አንድ።
ቀሪው የት ሄደ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ጠፋ።
አዳራሹ ጸጥ ሲል የጆሮዬን ጩኸት ሰማሁ።
የማሽኑ ባትሪ ብቻ ነበር ያልተኛ፤
በዚያ ጨለማ ውስጥ ያ ክር በጎኑ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ቀላ፣ እንደ ደም ሥር።
«አልጠፋማ!» አለች ሉባባ፣
«መንገድ ላይ ነው የሚፈሰው።»

ፕላስቲክም ይጠማል ለካ።
ቀስ እያለ፣ በቀን፣ በሳምንት፣ ከአየሩ ይጠጣል፤
በሙቀት የያዘውን ውሃ
ሲበርደው መያዝ ያቅተዋል፤
ውስጥ ለውስጥ ያንጠባጥበዋል፣
ከአቧራ ባነሰ ጠብታ፣ ዓይን በማያየው ጉድጓድ።
ቀጥ ብሎ የሚሮጠው ብርሃን እዚያ ይላተማል፣
ግራ ቀኝ ይበተናል።
ሐረጎ ነው፤
ከጥፍሬ የቀጠነ ክር ውስጥ የገባ ሐረጎ።
ብርሃን ብጨምርለት
የሚበዛው ጉሙ ነው።

ፈትቼ ምድጃ ውስጥ አስተኛሁት፤ ስልሳ ዲግሪ፣ ሁለት ሌሊት።
ሰማንያ ስምንት መጣ። መቶ አልመጣም፤
የጠጣ ሁሉ እንደ ነበረ አይመለስም።
ደስ ብሎኝ ገጠምኩት።
በሁለተኛው ሳምንት
ቀጥ!

ያኔ ነው ሉባባ ወደ ግድግዳው የሄደችው።
መርፌዋን በጥፍሯ ቆረቆረቻት፤
አልነቃነቅ አለች።
ተነፈሰችባት፦ ሰባ አምስት።
ጠዋት ደጅ አውጥተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት፦
ሰባ አምስት።
ከመቼ ጀምሮ እንደ ዛገች ማንም አያውቅ።
እሷን አምነን ጉም ስንነፋ ከርመናል፣
እውነቱን የነገረንን ቀጣፊ እያልን።

ጉሙን በግማሽ ቀነስን።
አዲስ መርፌ ይገዛ ብዬ ጻፍኩ፤ መልስ ገና ነው።
ሉባባ ከቆረጥኩት ክር አንድ ክንድ ወስዳ
ማሽኗ ራስ ላይ ሰቅላዋለች፣ ጫፉን ከትንሽ መብራት አስራ።
ጎኑ ሲቀላ «ጠገበ» ትላለች፣ ቧንቧ ትዘጋለች፤
ሲጠቁር ጣቷን ጥጡ ላይ ታሳርፍና
ትሰማለች።

ወደ ደሴ ስመለስ ጉሙ እዚያው ነበር።
«አጭሩን» አልኩት ሾፌሩን፣
ሳይጠይቀኝ።