ሲጢጥ

ግሮኒንገን ነው ሱቄ፣ ከቦዩ አፋፍ ላይ፤
ጎማ ስጠግን እውላለሁ፣ ዝናብ ሳልል ፀሐይ።
ከጎማው አስከትዬ ምክር እሸጣለሁ፤
የሚገዛኝ ሲጠፋ በነፃ እሰጣለሁ፦

«ቁልፍ ግዙ» እላለሁ፣ «ከብስክሌቱ የሚወደድ፤
ሰንሰለቱ ባጥንቱ አልፎ ከምሶሶው ይጋመድ።
ጎማ ብቻ ያሰረ ጎማ ይቀርለታል፤
የቀረውን ሌባ በመፍቻ ይፈታል።»

(በበጋ ቦዩን ሲጠርጉ፣ በመንጠቆ ሲጎትቱ፣
ዝገት ለብሰው ይወጣሉ፣ የጠፉት የስንቱ!)

ሂልትዬ ስትሰማኝ ከት ብላ ሳቀች፤
ፒያኖ ቃኚ ናት፣ በጆሮ የታወቀች።
ብስክሌቷ ሲጢጥ ይላል ፔዳሉ በዞረ፤
ዘይት ላንጠባጥብ ስል እጇ ተወረወረ፦
«ተወው፣ ድምፁ ነው እንጂ በሽታው አይደለም፤
በዚህ ሁሉ ከተማ እንዲህ የሚል የለም።»

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይነሣ፣
መጣች ጎማ አንጠልጥላ፣ እንደ ተያዘ ዓሣ።
ቁልፉ እንደ ነበረ፣ ጭረት የሌለበት፤
የሰጡትን ጠብቋል፣ ምን ጥፋት አለበት?
የዘጋውም ቁልፍ፣ የሚከፍተውም ቁልፍ፤
ሁለቱም እጇ ላይ፤ ብስክሌቱ ግን… እልፍ።

ጎማውን ከምስማሬ ሰቀልኩላት።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። «ቀለሙ?» — «አረንጓዴ።»
«አጥንቱ ላይ ያለው ቁጥርስ?» — «አላየሁም አንዴ።»
«ሌላ ምልክት?» አላት። ከንፈሯን አሹላ
«ሲጢጥ…» አለች። ጸሐፊው ይኼን በምን ይሙላ?

በሳምንቱ አንድ ጎረምሳ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
«አሥራ አምስት ዩሮ!» አላት፣ እያየ ግራ ተጋባ።
የሕፃን ወንበር ነበረው፣ የብስኩት ፍርፋሪ፤
«ከሌባው ገዥ ይብሳል» አለች፣ «እሱ ነው ሰርሳሪ።»
በእግሯ ሄደች።
ክረምቱን ሙሉ በእግሯ ሄደች።

ትናንት ሱቄ ገባች አንዲት የሌት ነርስ፣
እንቅልፍ ዓይኗን ሲይዘው፣ ዝናብ ጫማዋን ሲያርስ።
ብስክሌቷ ጥቁር ቀለም፣ በቸኮለ እጅ የተቀባ፤
የፊት ጎማው ሌላ ነው፣ እንግዳ የተጋባ።
«በርካሽ ነው የተገኘች፣ ጣቢያው ጀርባ» አለችኝ፤
«እባክህ ዘይት ጠብ አርግላት፣ በጩኸት ገደለችኝ።»

ፔዳሉን አዞርኩት።

ሲጢጥ።

ከራሴ በላይ ምስማር ላይ ያ ጎማ ተንጠልጥሏል፤
ልጅቷን ወንበሬ ላይ እንቅልፍ አዳፍቶ ጥሏል።
አሥራ አምስት ዩሮ ከደሞዟ ስንት ቀን እንደሆነ
አልጠየቅኳት፤ እጇ ግን በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል።

ከቦዩ ማዶ፣ ከፎቅ ላይ፣ አንዱን የፒያኖ ቁልፍ
ሂልትዬ ትመታለች፣ እንከኑ እስኪያልፍ።

የዘይቱን ዕቃ አነሣሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩት።
አስቀመጥኩት።
መስኮቱንም ከፈትኩት፤
ፔዳሉን፣ ቀስ አድርጌ፣ ደግሜ አዞርኩት።

ፒያኖው ቆመ።