የሰዓት ጠጋኙ ሚዛን

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ እጀ እርጉ ሰው፣
ከሰናፍጭ ያነሰ ብሎን በወረንጦ አንስቼ የምመልሰው።
በኦታሩ ከተማ፣ ከቦዩ ማዶ፣
የሱቄን መስኮት ሲሞላው የጥር በረዶ፣
"እጄ አይንቀጠቀጥም" እል ነበር፤ ያቺ ማለዳ እስክትደርስ፣
ቺግሳ ለዓመት ልጃችን በማንኪያ ጫፍ እንቁላል እስክታቀምሰው ለቁርስ።

መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ የዓይኑ ቆብ አበጠ፣
ከዚያ ትንፋሹ ቀጠነ፤ እንደ ማንቆርቆሪያ አፏጨ፣ ተቆራረጠ።
አምቡላንሱ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ፣
የእጅ ሰዓቴ ከሰባት ወደ ስምንት ጎተተ።
ዕድሜ ልኬን ደቂቃ ሳርም የኖርኩት ሰውዬ
የደቂቃን ርዝመት ያን ቀን ለካሁት፣ "ካናሜ፣ ካናሜ" ብዬ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን በጥቃቅን ፊደል ሆነ፤
ብስኩቱ፣ ዳቦው፣ የዓሣ ቂጣው፣ ሁሉም ተጠረጠረ፣ ተኮነነ።
የምሠራበትን አጉሊ መነጽር ዓይኔ ላይ ሰክቼ
ሱፐርማርኬት መሃል የማሸጊያ ጀርባ አነባለሁ፣ መተላለፊያውን ዘግቼ።
እስክሪብቶ የሚመስለው አድሬናሊን፣ ጭን ላይ የሚወጋ፣
ከቦርሳ ወደ ቦርሳ ሲዞር፣ በህልሜ ሲጠፋብኝ ሌሊቱ ነጋ።

መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ መምህርት ማኪኖ ቀይ ትሪ ሰጠችው፤
ጠረጴዛውንም፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ከሌሎቹ አንድ ክንድ አራቀችው።
ማታ ጥርሱን ሲቦርሽ፣ አፉ አረፋ እንደ ሞላ፣ ጠየቀኝ፦
"አባዬ፣ እንቁላል ምን አድርጌው ነው የተጣላኝ?"
"ደምህ ዘብ አቁሟል፤ እንግዳ ሲመጣ ሌባ ይመስለዋል" አልኩት።
"ታዲያ አስታርቀን" አለ።
መብራቱን አጠፋሁት።

ቺግሳ ያቺን ማንኪያ አልጣለቻትም። ስድስት ዓመት
በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሌሎቹ ለይታ ያስቀመጠችበት
መሳቢያ ነበር። አንድ ቀን ብቻ "እኔ ነኝ" አለችኝ።
"ማንም አይደለም" አልኳት። አላመነችኝ።

በአምስት ዓመቱ ሐኪሟ ኡኖሳዋ የደሙን ወረቀት አየች፤
ከልጄ የሰማችውን ይዛ፣ "ዘቡ እያንቀላፋ ነው፤ ቀስ ብለን እንግባ" አለች።
ሆስፒታል ውስጥ፣ መርፌው አጠገብ ተዘጋጅቶ፣
ሃያ ደቂቃ ከተቀቀለው የስንዴ ቅንጣት ያህል ተለይቶ።
ጠበቅን። ሠላሳ ደቂቃ። ስልሳ።
ካናሜ አልጋው ላይ ባቡር እየሣለ ድንገት ማፏጨት ጀመረ፤
ቺግሳ ደንግጣ ብድግ አለች።
ባቡሩ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ሐኪሟ በጻፈችው መጠን፣
ዕንቁ ሲመዘንበት በኖረው ሚዛን እንቁላል መዘንን።
ግማሽ ግራም፣ አንድ ግራም። አንዴ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤
ደወልን፣ ወደ ኋላ ተመለስን፤ በረዶው ሄደ፣ ሌላ በረዶ መጣ።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
የእኛ ቤቱ ግን በጫፍ ጣቱ ነው የመጣው፣ እንደ እንግዳ ጫማውን አውልቆ፣
ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ፣ በየቀኑ ፈቃድ ጠይቆ።

በሰባተኛ ልደቱ ማግስት፣ ሙሉ እንቁላል፤ ነጩም፣ አስኳሉም።
ሐኪሟ ዘንድ ሁለት ሰዓት ቆጠርን። ምንም። ምንም።
ካናሜ ግን የመጨረሻዋን ጉርሻ በምላሱ ወዲያ ወዲህ አደረጋት፤
"ታረቅን፣ ግን አይጣፍጥም" አለና ሳህኗን ወደ እናቱ አስጠጋት።
ቺግሳ የተረፈውን በላች፤
በዚያችው ማንኪያ፣ ቆማ፣ ሳትናገር።

እኔ አሁንም ሱቅ ስገባ የብስኩት ጀርባ እገለብጣለሁ።
እጄን ይጎትተኛል፦ "አባዬ፣ አልቋል እኮ።"
አውቃለሁ።
ቆይ፣ ይቺን መስመር ልጨርስ።