የካርቶን ሂስ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከፎቶ ቤቱ ሥር፣
ፍላሽ እሞላለሁ፣ ሃያ ዘፈን በአሥር ብር።
አዲስ አልበም ሲወጣ ሌሊቱን አዳምጬ አድራለሁ፣
ጠዋት በወፍራም ማርከር ካርቶን ላይ ፍርዴን እሰቅላለሁ።
ያነበበው ይስቃል፣ የገዛው ይሳደባል፣
«ሲራጅ ደግሞ ዛሬ ማንን አረደ?» ይባላል።
«ክራር ይዘህ ታውቃለህ ወይ?» ይሉኛል።
አላውቅም።
ዳቦ ማረሩን ለማወቅ ጋጋሪ መሆን አይጠይቅም።

ሰኔ ላይ ለወጣው ሬጌ፦
«ባሱ ጎበዝ ነው፣ እንደ ሃረጎ ቁልቁለት ይስባል፤
ግጥሙ ግን ፍሬን የለው፣ ‹ፍቅር ፍቅር› እያለ ገደል ይገባል።»

ለሠርጉ አልበም፦
«አሥራ አራት ዘፈን፣ አሥራ አራት ሙሽራ፤
አንዲቷም አታለቅስ፣ አንዲቷም አትፈራ።
እኔ የዳርኳት እኅቴ ግን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ለኮምቦልቻው ራፐር፦
«ስለ ጨርቃ ጨርቁ የሌት ፈረቃ ያለው እውነት ነው፣ ያማል፤
ቃሉ እንደ ማጠንጠኛው ይሮጣል፣ ክሩ ሳይበጠስ ይከርማል።
ስለ መርሴዲሱ ያለውን ግን ተዉት፤
አባቱን አውቃለሁ፣ ባጃጅም የላቸው።»

ለመንዙማው፦
«ድቤው ከኮምፒውተር ነው የወጣው።
ድቤ ቆዳ ነው፤ ብርድ ሲያገኘው ይረግባል፣
እሳት ዳር ይዘውት ሲሞቅ ነው የሚያስጨበጭብ።
ይኸኛው አልበረደውም።
ስለዚህ አልሞቀም።»

ለሳክስፎኑ ሰውዬ አንድ መስመር፦
«ዝም ማለት ያውቅበታል። ዋጋ አልቀንስም።»

ከዚያ ከውጫሌ የወጣው ልጅ፣ የሙህዲን አራጋው መጣ።
ሁለት ካርቶን ጨረስኩበት፣ ማርከሬም ቀለም አጣ፦
«አምባሰል ተራራ ነው፣ በእግር ነው የሚወጣ፤
ይህ ልጅ በሊፍት ወጥቶ፣ ላብ ሳይነካው መጣ።
ድምፁ በማሽን ተላገ፣
ስንጥቁ ሁሉ ተመረገ፤
ወርቁ እኮ ስንጥቁ ውስጥ ነበረ!»
ኮራሁበት። ራቅ ብዬም አነበብኩት፣ መልሼ።

ሰኞ ነው። ገበያተኛው እንደ ጎርፍ ከላይ ይወርዳል።
አንዲት ሴት ካርቶኔ ሥር ቆማ ከንፈሯ ፊደል ይለቅማል፤
ታች ስትደርስ ዞረች፦ «አንተ ነህ የጻፍከው ይሄን?»
«እኔ ነኝ» አልኳት፣ ለስድብ አመቻችቼ ጆሮዬን።
«እናቱ ነኝ።»

ፍላሹ ከእጄ ወደቀ።

«አልቆጣም፣ የኔ ጌታ፤ ድምፁ ለኔም ጠፋብኝ፣
ባጃጅ ላይ ሲዘፍን ሰማሁት፣ የሰው ልጅ መሰለኝ።
ሲሄድ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲደውልም ይቸኩላል።
አጥበህ ትሰጠኛለህ ወይ? ማሽኑ ይለቃል?»

ምን ልበላት? እኔ በሁለት ካርቶን ያልጨረስኩትን
እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው።
«ነገ ተመለሽ» አልኳት።

ሌሊቱን አሥራ ሁለቱንም ዘፈን በመርፌ ፈተሽኩ።
ዘጠነኛው ሲያልቅ፣ ኪቦርዱ ከሞተ በኋላ፣
ኢንጂነሩ መቁረጥ የረሳት ሦስት ሰከንድ አለች፦
ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጥታ፣ ከዚያም የውጫሌ አፍ፦
«ወላሂ፣ በረደኝ።»

ቆርጬ ስልኳ ላይ ጫንኩላት።
አንዴ ሰማች። ደገመች።
በሦስተኛው ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ።
«ከሕፃንነቱም ብርድ አይችል! ሹራብ እልክለታለሁ፤
ረቡዕ የሚሄድ ሾፌር አለ» ብላ ሄደች።
አልበሙን አልገዛችም።

ካርቶኑን አላወረድኩትም። ያልኩት ልክ ነው።
ከግርጌው ግን፣ ሊያልቅ በደረሰ ቀለም፣ ጨመርኩ፦
«ዘጠነኛው ሲያልቅ፣ ቶሎ እንዳትዘጉት።»