ዞሮ ዞሮ

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሰርዲኑ ገና ገብቶ፣
የማጓጓዣው ሞተር ቆመ አቃስቶ።
ሽታው ቀድሞ መጣ፣ የተቃጠለ ቀለም፤
ይህን ጠረን የሚያውቅ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ማቶዚኞስ ነን፤ አትላንቲክ በራችን ላይ፣
ጨው በመስኮት ይገባል፣ ሳይጠራ፣ ሳይታይ።
ብሎኑን ይበላል፣ ቀለሙን ይልጣል፣
የሰው ቅንድብ ላይ እንኳ እንደ አመዳይ ይቀመጣል።

ወይዘሮ ዙልሚራ፣ የፋብሪካው ባለቤት፣
ከአባቷ የወረሰች ይህን የዓሣ ቤት፣
ከፖርቶ ነጋዴ በስልክ አስጠራች።
መጣና መዝገቡን ከፊቷ ዘረጋ፣
«ትልቁን ግዢ» አላት፣ «አትበይ ዋጋ ዋጋ።
አሥራ አምስት ኪሎዋት! ሃያ የፈረስ ጉልበት!
ጎረቤትሽ ገዝቷል ባለፈው ክረምት።»
እኔ ከጥግ ሆኜ፣ እጄ በግሪስ ጠቁሮ፣
በልቤ አልኩ፦ ሲሉ ሰምታ ታንቃ ሞተች ዶሮ።

«እመቤቴ» አልኩኝ፣ «አንድ ቀን ስጪኝ ብቻ፤
በቅድሚያ ይጠየቃል ማሽኑ፣ እንደ ጋብቻ።»
ሰጠችኝ፣ በግማሽ ልብ።
ዓሣው በረዶ ላይ ነው፤ በረዶው ይቀልጣል።

ጠየቅሁት እንግዲህ።
ምን ትሸከማለህ? ጣሳ በጣሳ ቆጠርኩ፣
ቺንጋውን ከነዘይቱ፣ ከነውኃው መዘንኩ።
አንዴ ከሄደማ ሕፃን ይገፋዋል፣
ሙሉ ሆኖ ቆሞ ሲነሳ ግን ያቃስታል።
ሰውም እንዲሁ ነው፤ መንገድ አይገድለው፣
ከአልጋው ጠርዝ መነሳት፣ እሱ ነው ሸክም ያለው።

በሰዓት ስንት ጊዜ ትቆማለህ? አርባ።
አርባ መነሳት ማለት አርባ ትኩሳት ነው ከመዳቡ የሚገባ።
ማታ ማን ያጥብሃል? ኤርሜሊንዳ፣ በቱቦ፣
ሙቅ ውኃ ከክሎሪን ጋር እላዩ ላይ ዘንቦ።
እንግዲያ ልብስህ የማይዝግ፣ ስፌትህ ጠባብ ይሁን፤
ውኃ ቀዳዳ ካገኘ አይምርም ጥቅልህን።

የክዳን መግጠሚያው ግን ሌላ ፍጡር ነው፣
ጉልበት ሳይሆን ልክ ነው ልቡን የሚያሸንፈው።
ከፀጉር ባልሰፋ ስሕተት ጣሳው ይተነፍሳል፣
ጣሳ ከተነፈሰ ደግሞ ሰው ይታመማል።
ለእሱ ሰርቮ ሞተር፣ የቆመበትን የሚያውቅ፣
በየቅጽበቱ «የት ነኝ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ።
(ስንቶቻችን እንጠይቃለን? ተውኩት፤ ሥራ ነበረኝ።)

ቀረ አንድ ጥያቄ፣ ሜትር የማይለካው።
ቤልሚራ ዘንድ ሄድኩ፤ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ደርድራ ጣቷ የነጣው።
«በደቂቃ ስንት ጣሳ ትሞያለሽ?» አልኳት።
ሳቀች፣ መቀሷን በሽርጧ ጠርጋ፦
«የጧቷን ነው የምትለኝ ወይስ የማታዋን?
ሁለት ነን፤ ያቺ ትሮጣለች፣ ይቺ ትለምናለች ወገቧን።»

ጻፍኩት። ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ አሰመርኩበት፦
ፍጥነት የሚለዋውጥ መቆጣጠሪያ ይኑርበት።
እጅ ለቺንጋ ሳይሆን ቺንጋ ለእጅ ይገዛ፣
የማታዋ ሴት አትሩጥ በጧቷ ፍጥነት ታዝዛ።

አራት ኪሎዋት ወጣ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር፣
ከፍጥነት እየቀነሰ ጉልበት የሚያበድር።
ነጋዴው ሳቀ፦ «ይህ? ለዚህ ሁሉ ጣሳ?»
«ትልቅማ» አልኩት፣ «ያለ ሸክሙ ሲያገሣ፣
የመብራት ገንዘብ ይበላል፣ ምንም ባያነሳ።»
የትንሹንም ጉድ አውቃለሁ፣ አልደብቅም።
በሴቱባል አንድ ጊዜ ሰጥቼ አሳንሼ፣
ሦስት ቀን ዓሣ ገማ፤
ስሜን ከዚያ ሽታ አላጠብኩም ጨርሼ።

ዙልሚራ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች፣
ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፣
ፈረመች።

ማክሰኞ ገጠምነው። ዘንጉን ከዘንግ አቃናን፣
ሙሉ ቺንጋ ላይ፣ ከምሳ መልስ፣ ቁልፉን ተጫን።
ጩኸት የለም። ጣሳው ነቅነቅ አለና ሄደ፣
የጧት መርከብ ከወደብ እንደ ወረደ።
እጄን ጀርባው ላይ አኖርኩ፤ ለብ ብሏል፣
እንደ ተኛ ድመት ሆድ።

ሊመሽ ሲል ቤልሚራ፣ ሽርጧን እየፈታች፣
«ኤውሪኮ፣ አዲሱን ሞተር መቼ ነው የምትገጥሙት?» አለች።
አልመለስኩላትም። ከኋላዋ ጣሳው ይሄዳል፣
ዞሮ ዞሮ፣ ማንም ያላየው ሞተር ይዞራል።